ምኞትና ተስፋ ለየቅል ናቸው

በአዲስ አበባ መንገድ ዳር መጻሕፍት ተዘርግተው በሚሸጡባቸው ቦታዎች ቆም ብሎ ርእሶቹን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። ታሪኩንና ልብ ወለዱን ወደ ኋላ ገፍቶ ከፊት የሚደረደረው ስለ ስኬት የተጻፈው ነው። አብዛኛው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ሲሆን መልእክቱም ብዙ አይለያይም። ቀና ቀናውን ካሰብክ፣ የምትፈልገውንም ነገር እንዳገኘኸው አድርገህ በዓይነ ልቦናህ ከሳልከው ነገሩ ወደ አንተ ይመጣል ይላል። ይህንኑ በአዳራሽ እያስከፈሉ የሚያስተምሩም በርክተዋል። ጉዳዩ በወጣቶች ዘንድ መነጋገሪያ በመሆኑ «ዲናችን ይህንን እንዴት ያየዋል? ለመሆኑስ ይሠራል ወይ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። እኔ ዓሊም አይደለሁምና ስለ ፈትዋ ባለቤቶቹን መጠየቅ ይገባል። ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ግን አንብቦና ጠይቆ መመለስ ስለሚቻል ዛሬ ይበልጡን በእርሱ ላይ እናተኩራለን። የመጀመሪያውንም ቢሆን ጨርሶ መሸሽ የሚቻል አይመስለኝም።

ነገሩን ተራ የመጽሐፍ ገበያ ወሬ ነው ብለን እንዳንተወው የሚያደርገን ምክንያት አለ። በጋዜጠኝነት ሥራዬ አጋጣሚ ከእነዚህ ሥልጠናዎች በአንዱ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ መብራቱን አስቀንሶ ዓይናችንን እንድንጨፍን ካዘዘን በኋላ ቤታችንን፣ መኪናችንን፣ የመኪናውን ቀለምና የወንበሩን የቆዳ ሽታ ሳይቀር «እንድናይ» አደረገን። እኔ አልፎ አልፎ ዓይኔን እገልጥ ነበር፤ የሙያ አመል ነው። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ፈገግ የሚሉም፣ እንባቸውን የሚጠርጉም ነበሩ። በሻይ ዕረፍት ላይ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረ ወጣት አጫወተኝ። ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሥራ አላገኘም። «ለካ እስከ ዛሬ ሥራ ያጣሁት አስተሳሰቤ ጨለምተኛ ስለሆነ ነው» አለኝ። ይህን የተናገረው እያዘነ አልነበረም፤ መፍትሔው ስለተገኘለት ደስ ብሎታል። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ደስታው ነው። ሥራ አጥ መሆኑ ሳያንሰው የሥራ አጥነቱ ጥፋተኛም ራሱ ሆኖ አረፈው። ከአዳራሹ ሲወጣም በማግሥቱ የት ቦታ ማመልከቻ እንደሚያስገባ አውቆ አልወጣም።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛው አጠራር «ፖዘቲቭ ቲንኪንግ» የሚባለው ቀና አስተሳሰብ አዲስ ትምህርት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1857 እስከ 1926 የኖረው ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚ ኤሚል ኩዌ ናንሲ በምትባለው ከተማ ሕሙማኑን በየቀኑ እየተሻላቸው መሆኑን ጠዋትና ማታ ሃያ ሃያ ጊዜ ለራሳቸው እንዲናገሩ ያዝዝ ነበር። ቁጥሩ እንዳይሳሳት ሃያ ቋጠሮ ያለው ክር እንዲይዙም ይመክራቸው ነበር፤ ሙስበሃ ይዘን ላደግነው ለእኛ ነገሩ ብዙም እንግዳ አይሆንብንም። ከዚያ በአሜሪካ ናፖሊዮን ሂል የተባለ ጸሐፊ ሀብት በሐሳብ እንደሚገኝ የሚያስተምር መጽሐፍ በ1937 አሳተመ። ሂል ምሥጢሩን ከብረት ከበርቴው ከአንድሩ ካርኔጊ አፍ እንደሰማ ቢናገርም ካርኔጊ መጽሐፉ ከመውጣቱ 18 ዓመት ቀደም ብሎ በ1919 ሞቷል። በ1952 የኒው ዮርኩ ቄስ ኖርማን ቪንሰንት ፒል ለትምህርቱ የሃይማኖት ልብስ አለበሰለት። በ1978 የካሊፎርኒያዋ ሻክቲ ጋዌይን የሚፈልጉትን ነገር በምናብ የመሳልን ዘዴ በመጽሐፍ አወጣች። በ2006 ደግሞ የአውስትራሊያዋ የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር ሮንዳ በርን «ዘ ሲክረት» በተሰኘው ፊልምና መጽሐፏ አስተሳሰብ እንደ ማግኔት ነገሮችን ከዩኒቨርስ ይስባል እስከ ማለት ደረሰች።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ከኩዌ እስከ በርን ባለው ጉዞ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ በቀስ ተለውጧል። ኩዌ ሕመምተኛው ስለ ራሱ ሰውነት ያለውን ግምት ለመለወጥ ነበር የሚጥረው። መጨረሻ ላይ ግን ሐሳብ ዓለምን የሚያዝ ኃይል ሆኖ ቁጭ አለ። ዱዓእ የሚያደርግ ሰው የሚለምነው የሚሰማውንና የሚያውቀውን ጌታ ነው፤ ጌታውም የለመነውን ሊሰጠው፣ ለአኺራ ሊያቆይለት ወይም ክፉን ነገር ሊመልስለት ይችላል። ለዩኒቨርስ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ግን ማንንም አይለምንም፤ እምቢ ሊለው የሚችልም ያለ አይመስለውም። ሙስሊሙ አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ሲገልጥ ቢያንስ ይህችን ቦታ ነቅቶ ማለፍ አለበት ባይ ነኝ።

አባባሉ ሌላም መዘዝ አለው። ቀና ሐሳብ ሀብትና ጤናን የሚስብ ከሆነ ድኻውም ሕመምተኛውም መከራቸውን በገዛ ሐሳባቸው ጠርተውታል ማለት ይሆናል። አሜሪካዊቷ ጋዜጠኛ ባርባራ ኤረንራይክ በ2000 የጡት ካንሰር እንዳለባት ከታወቀ በኋላ በየሄደችበት «ፈገግ በይ፣ ቀናውን አስቢ» መባሉ እንዳንገሸገሻት፣ መቆጣቷ እንኳ እንደ ጥፋት ይታይባት እንደነበር በ2009 ባሳተመችው መጽሐፍ ገልጻለች። ወደ አገራችን ስንመለስ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የተቀሩት ወደ 95 በመቶ የሚጠጉ ልጆች ሁሉ ጨለምተኞች ናቸው ልንል ነውን? መምህሩ፣ የመጽሐፉ እጥረት፣ በኮሮናና በጦርነት ትምህርት ቤት የተዘጋበት ጊዜ ሁሉ የት ገባ?

ሕልሙ ሲጣፍጥ ጉልበት ይከዳል

ስለ መጻሕፍቱ ይህን ያህል ካልን ይበቃል። ዋናው ጥያቄ መልካሙን ውጤት በዓይነ ልቦና መሳል ሰውን ለሥራ ያነሣሣዋል ወይስ ያሰንፈዋል የሚለው ነው። በዚህ ላይ ረጅም ዘመን ከመረመሩት መካከል ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ጋብሪኤለ ኦቲንገን ትገኝበታለች። በ1991 ከቶማስ ዋደን ጋር ያወጣችው ጥናት የተካሄደው በአሜሪካ ክብደት ለመቀነስ ለአንድ ዓመት ሕክምና በተመዘገቡ 25 ሴቶች ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ ሴቶቹን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ጠየቁ። አንደኛው ይሳካልኛል ብለሽ ትገምቻለሽን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሕክምናውን ጨርሰሽ ከጓደኛሽ ጋር ስትገናኚ በሐሳብሽ ምን ይታይሻል? እንደሚለው ያለ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ የተገኘው ውጤት ሁለቱን ነገሮች ለያያቸው። ይሳካልኛል ብለው የገመቱት አይሳካልኝም ካሉት ይልቅ 12 ኪሎ ያህል በብልጫ ቀነሱ። እስከዚህ ድረስ መጻሕፍቱ ልክ ናቸው። ይሁንና በሐሳባቸው ሸንቀጥ ብለው፣ ተደንቀውና ተሞግሰው ራሳቸውን ያዩት ሴቶች ችግሩም ጭምር ከታያቸው ሴቶች ይልቅ በ11 ኪሎ ያህል አንሶ የቀነሰላቸው ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ቀና አስተሳሰብ ይባላሉ፤ አንደኛው ግን አንድ ሰው ካለፈ ልምዱ ተነሥቶ የሚገምተው ግምት ሲሆን ሁለተኛው እንዲያው የሚጣፍጥ ሕልም ነው።

የሻይ ዕረፍቱን ወጣት የሚመለከተው ደግሞ ይኸኛው ነው። ኦቲንገን ዶሪስ ማየር ከተባለች ባልደረባዋ ጋር በ2002 ባሳተመችው ጥናት ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ተመሳሳይ ጥያቄ ቀረበላቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ተፈልገው ተጠየቁ። ጥሩ ሥራ አግኝተው ራሳቸውን በሐሳብ አዘውትረው ያዩት ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ የቀረበላቸው ሥራ ያነሰ፣ ሥራ ካገኙም ደመወዛቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አገኛለሁ ብለው የገመቱት ግን የተሻለ ውጤት ነበራቸው። አዳራሽ ውስጥ ለሥራ ፈላጊ የሚታዘዝለት መድኃኒት እንግዲህ የማመልከቻውን ብዛት የሚቀንስ ሆኖ አረፈው።

ምክንያቱ ምን ይሆን? ኦቲንገንና ሄዘር ካፕስ በ2011 ያወጡት ጥናት አንድ ፍንጭ ይሰጣል። መልካሙን ፍጻሜ እንዲያልሙ የተደረጉ ሰዎች የደም ግፊታቸው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበታቸውም ቀዝቅዞ ተገኝቷል። አቀበት የሚጠብቀው ሰው ሰውነቱ ሳያውቀው ይዘጋጃል፤ አቀበቱን አልፌያለሁ ብሎ በሐሳቡ የተደላደለ ሰው ደግሞ ሰውነቱ አምኖት ያርፋል። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲሉ የሚቀልዱበትን ሰው ባሕርይ ላቦራቶሪው በደም ግፊት መለኪያ አገኘው ማለት ነው።

ታዲያ በዓይነ ልቦና መሳል ከንቱ ነውን?

እንዲህ ብሎ መደምደም ችኮላ ይሆናል። በ1999 ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ፈተና በደረሰባቸው ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ሙከራ ጉዳዩን አጥርቶ ያሳየናል። አንዱ ቡድን ለጥቂት ቀናት በየዕለቱ ለ5 ደቂቃ ጥሩ ውጤት አግኝቶ ሲደሰት ራሱን እንዲያይ ተደረገ። ሌላው ቡድን ለዚያው 5 ደቂቃ ያየው ጥናቱን ነው። ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ምዕራፉን ገልጦ ሲያነብ፣ ጓደኛው ና እንውጣ ሲለው እምቢ ሲል። ይኸኛው ቡድን ጥናቱን ቀደም ብሎ ጀመረ፣ ረዘም ላለ ሰዓት አጠና፣ ውጤቱም ተሻለ። ደስታውን ሲያይ የሰነበተው ቡድን ግን ያጠናው ሰዓት ያነሰ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው መሳል ወይስ አለመሳል የሚል መሆኑ ቀርቶ ምኑን መሳል? ወደሚል ይዞራል። ሥራን በሐሳብ መሥራት በእርግጥም ኃይል እንዳለው አልቫሮ ፓስኳል ሊዮኔና ባልደረቦቹ በ1995 ያሳተሙት የፒያኖ ሙከራ ይመሰክራል። ፒያኖ የማያውቁ ሰዎች የአምስት ጣት ልምምድ ለአምስት ቀናት፣ በቀን ለሁለት ሰዓት እንዲሠሩ ተደረገ። ሌሎቹ በዚያው ሰዓት ከፒያኖው ፊት ተቀምጠው ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ብቻ ተጫወቱ። ጣትን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ላይ የታየው ለውጥ በሁለቱም ቡድን ዘንድ ተመሳሳይ ነበር። በአጨዋወት ግን በሐሳብ የተጫወቱት በአምስተኛው ቀን የደረሱት በእጃቸው የተጫወቱት በሦስተኛው ቀን ወደ ነበሩበት ደረጃ ነው። የሐሳብ ሥራ እጅን ይረዳል፤ ሆኖም እጅን አይተካም።

የዋናተኛውን የማይክል ፌልፕስን ታሪክ የስኬት አሠልጣኞች ማንሣት ይወዳሉ፤ የሚያነሡት ግን በግማሹ ነው። አሠልጣኙ ቦብ ቦውማን ፌልፕስ ገና ልጅ ሳለ ማታ ሲተኛና ጠዋት ሲነቃ ውድድሩን እንደ ቪዲዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳቡ እንዲያየው አስለምዶት ነበር። ተራኪዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ፌልፕስ ግን በሐሳቡ ያይ የነበረው ድሉን ብቻ አልነበረም፤ ነገሩ ሲበላሽም ያያል። ጅማሬው ቢዘገይ፣ ልብሱ ቢቀደድ፣ መነጽሩ ቢወልቅ ምን ያደርጋል? በኦገስት 2008 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ ላይ መነጽሩ ውኃ ሞላ፤ በመጨረሻው ላይ ግድግዳው እንኳ አይታየውም ነበር። የእጁን ምት እየቆጠረ ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ከዚያ ቀን በፊት በገንዳው ውስጥ የቀዘፈው ስንት ሺህ ሰዓት መሆኑንም አንርሳ።

ይህን ሳነብ በሸማ ተራ የሚነግዱት አጎቴ ትዝ አሉኝ። ሐጂ ስለ ምናብ የተጻፈ መጽሐፍ አንብበው አያውቁም። ዒሻ ከሰገዱ በኋላ ግን ቴሌቪዥን ሳይከፈት ጥቂት ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ልጆቹ ዚክር ላይ ናቸው ብለው ድምፅ ያጠፋሉ። ዚክሩን ጨርሰው የነገውን ገበያ እየተመላለሱበት መሆኑን የነገሩኝ እኔ በጠየቅኋቸው ጊዜ ነው። ማን ይመጣል፣ የትኛው ጣቃ ይጠየቃል፣ ዱቤ የሚለምነው ማን ነው፣ ምንስ ብለው ይመልሱለታል? «ዱቤ ጠያቂ ፊትህ ቆሞ መልስ አታስብም ልጄ፤ ዓይኑን ስታይ ትሰጠዋለህ» አሉኝ። ሐጂ በሐሳባቸው የሚያዩት የተቆለለ ብር አይደለም፤ እምቢ ማለት የሚከብዳቸውን ደንበኛ ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ የለዩት ነገር

የሚገርመው የኦቲንገን ጥናት የለያቸውን ሁለቱን ነገሮች ዑለማዎቻችን አስቀድመው በየስማቸው ጠርተዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ታላቅ ሥራቸው ስለ ፍርሃትና ተስፋ በጻፉበት ክፍል የገበሬን ምሳሌ ያመጣሉ። ለም መሬት መርጦ፣ ያልነቀዘ ዘር ዘርቶ፣ በወቅቱ አጠጥቶና አረሙን ነቅሎ ከዚያ በኋላ አላህ (ሱ.ወ.) ከመቅሠፍት እንዲጠብቅለት የሚጠባበቅ ገበሬ ያለው ተስፋ ነው፤ ረጃእ ይባላል። ውኃ በማይደርስበት ጨዋማ መሬት ላይ በትኖ፣ ሳይንከባከብም አዝመራ የሚጠብቀው ግን ተታልሏል፤ ጉሩር ነው። መሬቱ ደህና ሆኖ ውኃ የሌለው፣ ዝናብም በማይለመድበት ወቅት ዝናብ የሚጠብቀው ደግሞ ያለው ምኞት ነው፤ ተመኒ ይሉታል። ኢማሙ ይህን የጻፉት ስለ አኺራ ስንቅ ነው። ምሳሌውን ግን ለዱንያ ሥራ ብናውለው ከቦታው አያፈነግጥም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በጎ ቃልን ይወዱ፣ ገድ መቁጠርን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። በሑደይቢያ ከቁረይሽ በኩል ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ለድርድር ሲመጣ ስሙ ከመቅለል ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነገሩ እንደሚቀል ለሰሓቦች አበሠሩ። ቀና ቃል በዲናችን ቦታ እንዳለው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን? ሆኖም ከዚያ በኋላ ተቀምጠው በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ተደራድረዋል።

ሂጅራውንማ ተመልከቱት። በአላህ ላይ ያላቸው እምነት ከማንም በላይ የሆነው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ እክሉን ሁሉ አስቀድሞ ያየ ዕቅድ ነበራቸው። መዲና በሰሜን ሆና ሳለ እርሳቸውና አቡ በክር (ረ.ዐ.) የወጡት በደቡብ ወዳለው ወደ ሠውር ዋሻ ነው። አሳዳጁ ተስፋ እስኪቆርጥ ሦስት ሌሊት ተቀመጡ። የአቡ በክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን መካ ውሎ የሰማውን ወሬ ማታ ያመጣል፤ አስማእ ስንቅ አዘጋጅታለች፤ ዓሚር ኢብኑ ፉሀይራ በጎቹን በዱካቸው ላይ ይነዳል። መንገድ መሪው ዐብዱላህ ኢብኑ ዑረይቂጥ ሙስሊም እንኳ አልነበረም፤ መንገዱን ስለሚያውቅ ተቀጠረ። አሳዳጆቹ ከዋሻው አፍ ቆመው አቡ በክር በተጨነቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ከእኛ ጋር ነው ብለው አጽናኗቸው። ግመሉን እሰርና ከዚያ ተመካ የሚለው የቲርሚዚ ሐዲስ በተግባር ሲታይ ይህን ይመስላል።

በእጅ የሚያዝ ዘዴ

ወደ ሥራው እንምጣ። ኦቲንገን ከጥናቷ ያወጣችው ዘዴ አራት እርምጃ ያለው ሲሆን ለመሥራት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በመጀመሪያ ከባድም ቢሆን ሊደረስበት የሚችል አንድ ምኞት ይመረጣል። ቀጥሎ ያ ነገር ቢሳካ የሚገኘው ዋናው በጎ ነገር በዓይነ ልቦና ይታያል፤ እዚህ ድረስ እንደ ሥልጠናው አዳራሽ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሦስተኛው ላይ ነው። ከዚህ የሚያግደኝ በራሴ ውስጥ ያለው ነገር ምንድን ነው? ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም እንደ በጎው ነገር ሁሉ በዓይነ ልቦና ይሳላል። አራተኛው እክሉ ሲመጣ የሚሠራውን አስቀድሞ መወሰን ነው። ቅደም ተከተሉ መገለባበጥ የለበትም፤ በጎው ቀድሞ እክሉ ሲከተል ነው ሰውን የሚያነሣሣው።

ያ የሻይ ዕረፍት ወጣት በሦስት ወር ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ልቀጠር ብሎ ቢነሣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ መቆየቱ አይቀርም። «ሥራ የለም» ማለት ይቀናዋል። ሥራ ማነሱ እውነት ነው፤ ግን እርሱ የሚያዝዘው ጉዳይ አይደለም። ዝቅ ብሎ ሲፈልግ ምናልባት ሁለት ቦታ እምቢ ከተባለ በኋላ ለሳምንታት ቴሌግራሙን ላለመክፈት የሚጥር መሆኑን ያገኘዋል። እክሉ ይህ ነው። እንግዲያው «እምቢ ከተባልኩ በዚያው ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ ሌላ አንድ ማመልከቻ እልካለሁ» ብሎ ይወስናል።

ይህ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለው አወሳሰን የኦቲንገን ባለቤት የሆነው የፒተር ጎልቪትሰር ጥናት ፍሬ ነው። ጎልቪትሰር ከቬሮኒካ ብራንድሽቴተር ጋር በ1997 ባወጣው ሙከራ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው በተወሰነ ቀን ውስጥ አንድ ጽሑፍ እንዲጽፉ ተጠየቁ። መቼና የት እንደሚጽፉ አስቀድመው የወሰኑት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጻፉ፤ ያልወሰኑት ግን ከሦስት አንዱ ያህል ብቻ። የውጪ ሰዎች ለዚህ ውሳኔ ምልክት የሚሆን ሰዓት ሲፈልጉ ማንቂያ ደወል ይሞላሉ። ሙስሊሙ ግን በቀን አምስት ጊዜ የሚያስነሣው አዛን አለው። ከፈጅር በኋላ ሃያ ገጽ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ ስልክ ብሎ የወሰነ ሰው ውሳኔውን የሚያስታውስበት ሌላ ነገር አያሻውም።

ዘዴው ሁልጊዜ «ቀጥል» አይልም። እክሉ ሲሳል የማይታለፍ ሆኖ ከታየ ምኞቱን መተው ወይም ማዘግየት ይመጣል፤ ጥናቶቹም ይህንኑ አሳይተዋል። የስኬት መጻሕፍቱ የማይሰጡት ፈቃድ ይህ ነው፤ እዚያ መተው ሽንፈት ነው። ኢስቲኻራ የሚሰግድ ሰው ግን ነገሩ መልካም ካልሆነለት አላህ (ሱ.ወ.) እንዲያርቅለት ጭምር ይለምናል።

ሰፈራችን ያለች አንዲት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ተነሥታ ነበር። ለእናቷ የምትሠራውን ቤት ክፍል በክፍል ታውቀዋለች፤ የመጋረጃው ቀለም ሳይቀር ተወስኗል። ስለምትሄድበት ቤት ግን ምንም አታውቅም። ከእህቴ ጋር ተቀምጠው እክሉን በወረቀት ሲጽፉ ዐረብኛ አለመቻሏ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ አለማብሰሏ፣ ደላላው ፈቃድ ያለው ይሁን አይሁን አለመጠየቋ ወጣ። ዐረብኛውና ምድጃው በጊዜ ይለመዳሉ። ደላላውን ፈቃድህን አሳየኝ ስትለው ግን ተቆጣ፤ እርሷም ፓስፖርቷን ተቀብላ መጣች። አሁን ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ መድረሳ ከሕፃናት ጋር ዐሊፍ ባ ትቆጥራለች። መሄዷን ገና አልወሰነችም፤ ስለ መጋረጃው ግን ካወራች ቆየች።